የሰባ ጥማድ መንደር፦ የአውራ አምባ ታሪክና የሕዝቧ ብዛት

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ስለ አንዲት ትንሽ የገጠር መንደር ታሪክና ሕዝብ እንድናገር በተጋበዝኩ ጊዜ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት በደጋው አገር እንደተለመደው ደብር ያላትን፣ በደብሯም የብራና መጻሕፍት የተቀመጡባትን መንደር ለመምረጥ ነበር። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የመንደር ታሪክ በአብዛኛው የሚቀዳው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ታቦቱ በማን ዘመን እንደገባ፣ መሬቱን ማን እንደሰጠ፣ ለቄስና ለዲያቆን ምን ያህል እንደተመደበ በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ የአጥቢያው ሰው ደግሞ ትውልዱን እስከ አቅኚ አባቱ ድረስ ይቆጥራል፤ ርስት የሚገኘው በዚያ ቆጠራ ነበርና። ይህን ሁሉ ምንጭ ትቼ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የሌላትን፣ ከተመሠረተችም ከግማሽ ምዕተ ዓመት ብዙ ያልራቀችውን አውራ አምባን መርጫለሁ። ምክንያቴን ንግግሬ እየቀጠለ ሲሄድ ትረዱልኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስለ አውራ አምባ ብዙ ተነግሯል። ወንድ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴት ታርሳለች፣ ሠርግ አይደገስም፣ ሙሾ አይወርድም፣ ልመና የለም፤ እነዚህን የማያውቅ አድማጭ በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ግን ሁለት ቁጥሮችን ነው። አንደኛው የመንደሯ ሕዝብ ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው የመሬቷ ስፋት ነው። የመሥራቾቿን አሳብ ሳላቃልል፣ የአውራ አምባን ኑሮ ዛሬ በምናየው መልክ የቀረጸው የእነዚህ ሁለት ቁጥሮች አለመመጣጠን ነው የሚል እምነት አለኝ። ጎብኚው የሚደነቅበት ብዙው ነገር አንድም ከመሬት ጥበት የመጣ ነው፤ አንድም ለመሬት ጥበት የተሰጠ መልስ ነው።

መንደሯ የምትገኘው በአማራ ክልል፣ በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በፎገራ ወረዳ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን አስፋልት ይዞ ወረታ የደረሰ መንገደኛ ወደ ቀኝ ታጥፎ የደብረ ታቦርን መንገድ ይይዛል፤ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላም ከዋናው መንገድ ወጥቶ በጥርጊያ መንገድ ወደ መንደሯ ይገባል። ከባሕር ዳር ጀምሮ ሲቆጠር ጉዞው በሙሉ ሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፎገራ ሲባል ቶሎ ወደ አሳብ የሚመጣው ሜዳው ነው፤ ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሲወርዱ በክረምት የሚያጥለቀልቁት ጥቁር መሬት፣ በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት፣ ካለፉት ጥቂት አሥርታት ወዲህ ደግሞ ሩዙ። አውራ አምባ ከዚያ ለም ሜዳ ድርሻ አልደረሳትም። ያለችው ከሜዳው ከፍ ብሎ ባለው ተዳፋት ላይ ነው።

ስሟ ራሱ ጥቂት ያቆየናል። አምባ ያልተብራራ ቃል አይደለም። አውራ ደግሞ ከመንጋው ፊት የሚቀድመው፣ ከሌላው የሚልቀው ነው፤ አውራ ዶሮ፣ አውራ ጣት፣ አውራ ጎዳና እንላለን። ቤት የሚያስተዳድረውን ወንድ አባወራ፣ ያለ ባል ቤቷን የምትመራውን ሴት እማወራ ስንልም ለጆሮ የሚመጣው ይኸው ቃል ይመስላል። ይህን የምጠቅሰው ለሰዋስው ብዬ አይደለም። በአገራችን የመንደርን ሕዝብ ለመቁጠር ከጥንት ጀምሮ የሚያዘው መለኪያ ይኸው አባወራ ነው። በድሮው ሥርዓት ግብር የሚጣለው በነፍስ ሳይሆን በቤት ስለነበር የሚቆጠረው ጭስ ነበር፤ ጭስ የሚወጣበት ጎጆ ሁሉ አንድ ተብሎ ይያዛል፤ ጭሰኛ የሚለው ቃልም በአፋችን የቀረው ከዚሁ ነው። ዛሬም ቢሆን ለማንኛውም የቀበሌ ሊቀ መንበር የአካባቢውን ሕዝብ ብዛት ብትጠይቁት ብዙውን ጊዜ የሚመልስላችሁ ይህን ያህል አባወራ ብሎ ነው። ማዳበሪያ የሚታደለው፣ መዋጮ የሚጣለው፣ መሬት የሚለካው በዚያ ስሌት ነው። እንግዲህ ስሟ ላይ አውራ የሚል ቃል ያለባት መንደር አባወራ የሚባለውን ነገር የማትቀበል ሆና ስትገኝ፣ ቆጣሪ ምን ይጽፋል? ወደዚህ ጥያቄ በመጨረሻ እመለሳለሁ።

ታሪኳ የሚጀምረው ከአንድ ሰው ነው። የመንደሯ መሥራች አቶ ዙምራ ኑሩ የተወለዱት በዚያው በደቡብ ጎንደር፣ በእስቴ፣ ከሙስሊም ገበሬ ቤተሰብ ነው። ትምህርት ቤት አልገቡም። ስለ ልጅነታቸው የሚተርኩት ታሪክ በመንደሯ የታወቀ ነው፤ እናታቸው ከአባታቸው ጋር እርሻ ውለው ሲመለሱ አባት ሲያርፉ እናት እንደገና መፍጨቱን፣ መጋገሩን፣ እግር ማጠቡን ሲጀምሩ ያዩት ልጅ፣ የሁለት ሰው ሥራ ለምን በአንድ ሰው ላይ እንደሚወድቅ መጠየቅ ጀመረ። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም የማይበላበትን፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን የማይበላበትን ምክንያትም ጠየቀ። ቤተሰቡ አእምሮው የተነካ መስሎት ነበር። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ከቤት ወጥተው በየአገሩ እየዞሩ አሳባቸውን የሚጋራ ሰው ፈለጉ፤ ከዚያም ተመልሰው ትዳር ይዘው እያረሱ፣ የእርሻ ሥራ በሚቀልበት ወራት ወደ ፎገራ እየመጡ ከገበሬዎች ጋር መነጋገራቸውን ቀጠሉ። በ1964 ዓ.ም. አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ከእሳቸው ጋር ተስማምተው በዚህ ቦታ አብረው መኖር ጀመሩ። መንደሯ የተቆረቆረችው በዚህ ዓይነት ነው።

ዓመቱን ልብ በሉት። በ1964 ዓ.ም. የዘውዱ መንግሥት ገና አልወረደም፤ መሬት በርስት ሥርዓት ነበር። በጎንደር አካባቢ ሙስሊሙ ከርስት የተገለለ ሆኖ የቆየው ከብዙ ዘመን ጀምሮ ነው። በ1660ዎቹ መጀመሪያ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወስኗል፤ ቤተ እስራኤልም እንዲሁ። ርስት የሌለው ሰው ያለው ምርጫ ሦስት ነው፤ መሬት ተከራይቶ ጭሰኛ መሆን፣ መነገድ፣ ወይም በእጁ ሙያ ማደር። በዚህ ምክንያት በጎንደርና በዙሪያዋ ሽመና ከሙስሊሙ ጋር፣ ቀጥቃጭነትና ሸክላ ሥራ ከቤተ እስራኤል ጋር ተቆራኝተው ኖረዋል። ሙያው እየተፈለገ ባለሙያው ይናቅ ነበር። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ሠሪውን «ጠይብ» እያለ የሚሳደበውን ሰው ዐፄ ምኒልክ በአዋጅ መገሠጻቸው የታወቀ ነው፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ኖሯል። በኋላ አውራ አምባ በሽመና የምትታወቅ መንደር ስትሆን፣ የተጣለባት ዕጣ በአካባቢው ከሚናቁት ሙያዎች አንዱ ነበር ማለት ነው።

ከመንደሯ መመሥረት ሦስት ዓመት በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ርስትና ጭሰኝነት ቀሩ፤ ገበሬው በማኅበር ተደራጀ። ለአብዛኛው የአገሪቱ ገበሬ ይህ የእፎይታ ዘመን ተብሎ ይተረካል፤ ለአውራ አምባ ሰዎች ግን ከጎረቤት ጋር የነበረው አለመግባባት እየባሰ የሄደበት ጊዜ ነበር። በዓል የማያከብር፣ ቤተ ክርስቲያን የማይስም፣ መስጊድ የማይሰግድ፣ ግን ፈጣሪ አንድ ነው የሚል፣ ሴቱን ከወንዱ እኩል በስብሰባ የሚያስቀምጥ ቡድን በዙሪያው ላለው ክርስቲያንም ሙስሊምም እኩል እንግዳ ነበር። ገበሬ በበዓል ቀን የሚያርስ ጎረቤት ሲያይ የሚፈራው ኃጢአቱን ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሰው ድፍረት በረዶ በሁሉም አዝመራ ላይ ይወርዳል ብሎ ያምናል። ይህን ፍርሃት እንደ ክፋት ብቻ አድርጎ መተረክ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ጎንደር እየቀረበ ሲመጣ ነገሩ ከጎረቤት ጠብ አለፈ። የአውራ አምባ ሰዎች ከአማፅያን ጋር ይተባበራሉ ተብለው ተከሰሱ፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ክስ ምን ሊያስከትል እንደሚችል የማያስታውስ የለም። በ1981 ዓ.ም. መንደሯን ጥለው ወደ ደቡብ ምዕራብ ሸሹና ከፋ ውስጥ ቦንጋ ገቡ። ከወረታ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ቦንጋ ያለውን መንገድ ብትደምሩት ከ1,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከጤፍና ከዳጉሳ አገር የተነሣ ገበሬ ሕፃንና ሽማግሌ ይዞ የሰፈረው ዝናብ በማያባራበት፣ ምግቡ ቆጮ፣ ቋንቋው ከፍኛ በሆነበት የደን አገር ነው። እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ በዚያ ቆዩ። የመንደር ታሪክ ስንጽፍ መንደር ማለት ቦታው ነው ወይስ ሰዉ የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ ይፈልጋል፤ ለአራት ዓመታት ያህል ቦታው ፎገራ፣ ሰዉ ቦንጋ ነበርና። እኔ ሰዉን እመርጣለሁ።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በ1985 ዓ.ም. ሲመለሱ ያርሱት የነበረው መሬት በሌሎች ሰዎች ተይዞ አገኙት። ከብዙ አቤቱታ በኋላ የተተወላቸው አሥራ ሰባት ሄክታር ተኩል ነው። ዛሬም የመንደሯ መሬት ይኸው ነው።

አሥራ ሰባት ሄክታር ተኩል ምን ያህል እንደሆነ በእኛው ልክ እንየው። በአማካይ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ይሆናል ብንል ሰባ ጥማድ ነው፤ አንድ ጥንድ በሬ በሰባ ቀን የሚጨርሰው ማለት ነው። ጋሻን አርባ ሄክታር አድርገን ብንይዝ ደግሞ ግማሽ ጋሻ እንኳ አይሞላም። በድሮ ጊዜ ለአንድ መካከለኛ ሹም የሚሰጠው ማደሪያ ከዚህ ይበልጥ ነበር። አሁን በዚህ ላይ ሰዉን እናስቀምጠው። የመንደሯ ነዋሪ ከ400 በላይ መሆኑ ከተነገረ ቆይቷል፤ ለስሌት ያህል 450 እንበል። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ከ390 ካሬ ሜትር በታች ነው፤ በከተማ አንድ ደህና ግቢ ያለው ቤት የሚሠራበት ቦታ ማለት ነው። ከዚህ ላይ ቤቱ፣ መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የሽመናው አዳራሽ፣ የእህል መጋዘኑ ይቀነሳል። ምንም ሳይቀነስ ሁሉም ቢዘራና ከሄክታር አሥራ አምስት ኩንታል ቢታፈስ፣ በዓመት የሚገኘው 262 ኩንታል ገደማ ነው። ለአንድ ሰው ስልሳ ኪሎ አይሞላም። አንድ ሰው በዓመት ሁለት ኩንታል ያህል እህል እንደሚያስፈልገው የምታውቁ እናቶች እዚህ አላችሁ፤ የመንደሯ መሬት በሙሉ ተዘርቶ ሕዝቧን የሚያበላው ለአንድ ሩብ ዓመት ያህል ብቻ ነው።

እንግዲህ አውራ አምባ የገበሬ መንደር ሆና መኖር አልቻለችም። ሽመና የመጣው በዚህ በር ነው።

ሽመናው አዳራሽ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ ነው፤ የመወርወሪያው መመላለስና ማጉን የሚያጠብቀው ምት ተደራርበው በጣራው ቆርቆሮ ስር ይስተጋባሉ። ከመሬት ተቆፍሮ እግር የሚወርድበት የድሮው ዓይነት ሽመና አለ፤ ከሱ ጎን ከብረት የተሠራው፣ ቁመው ወይም ከፍ ብለው ተቀምጠው የሚሠሩበት አለ። ጋቢ፣ ነጠላ፣ ፎጣ፣ የአልጋ ልብስ ይወጣል። በሄድኩበት ቀን በአንደኛው ላይ አንዲት ወጣት ሴት ነበረች፤ እግሯ መርገጫውን እየቀያየረ ዓይኗ ከማጉ አይነሣም፤ ክር ሲበጠስባት ሳትቸኩል በምራቋ አርሳ በሁለት ጣቷ ቋጥራ ትቀጥላለች። ጥግ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ቀሰም ያጠነጥኑ ነበር።

ይህን ያየ እንግዳ ብዙውን ጊዜ ስለ እኩልነት ይናገራል፤ እውነቱን ነው። እኔ ግን የታየኝ የሥራ ጉልበት ቁጥር ነው። በእኛ አገር ልማድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ጥጡን መዳመጥ፣ በደጋን መንደፍ፣ በእንዝርት መፍተል የሴት ነው፤ ጨርቁ የሚወጣበት፣ ገንዘቡም የሚገባበት ሥራ የወንድ ነው። በዚህ ልማድ የምትመራ መንደር ከአዋቂዎቿ መካከል ሸማኔ ልታደርግ የምትችለው ግማሹን ብቻ ነው። አውራ አምባ ይህን ወሰን ስታነሣ ሕዝቧ ሳይጨምር የሸማኔዎቿን ቁጥር በእጥፍ ልታሳድግ ቻለች። ወንዱ ደግሞ ምድጃ ስር ሲገባ፣ ፈትል ሲይዝ፣ ሴቲቱ ከወጥ ቤት የምታጠፋው ሰዓት ተመለሰ። የመንደሯ ምድጃ ራሱ ለዚህ ተብሎ የታሰበ ነው፤ ከጭቃ የተሠራ፣ ጭሱ በመውጫ ወደ ውጭ የሚሄድበት፣ ማገዶ የሚቆጥብ። ቤታቸው ውስጥ መደብ፣ መደርደሪያና መቀመጫ ሳይቀር ከዚያው ጭቃ ተለስኖ የተሠራ ስለሆነ ለቤት ዕቃ የሚወጣ ገንዘብ ጥቂት ነው። በዓል ባለማክበራቸው የሚተርፈው የሥራ ቀንም ቀላል አይደለም፤ ወርኃዊ በዓላቱን አክብሮ የሚውል የደጋ ገበሬ በወር ውስጥ እርሻ የማይነካባቸውን ቀኖች የቆጠረ ሰው የምለውን ያውቃል። መሬት የነሣቸውን በጉልበትና በቀን መለሱት ብዬ ነው የማየው። አሳቡ ቀድሞ ነበር፤ ሰባ ጥማዱ ግን አሳቡን ከስብሰባ ወደ ማጀት አወረደው።

ከሽመናው በተጨማሪ የእህል ወፍጮ፣ ሱቅና ንግድ አላቸው። ወፍጮው የዙሪያውን ገበሬ እህል ስለሚፈጭ፣ የተኳረፉ ጎረቤቶች ሰልፍ ላይ መገናኘት ነበረባቸው። ለእርቅ ከተደረጉት ሽምግልናዎች ይልቅ ወፍጮው ሳይሠራ አልቀረም ብዬ አስባለሁ፤ ዱቄት ተሸክሞ የሚመለስ ሰው ወደ ፈጨለት ሰው ድንጋይ አይወረውርም።

ገቢው እንዴት እንደሚከፋፈልም ከቁጥሩ ጋር የተያያዘ ነው። በመንደሯ የሚኖር ሁሉ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባል አይደለም። የማኅበሩ አባላት አብረው ሠርተው የዓመቱን ትርፍ እኩል ይካፈላሉ፤ ሌሎቹ በየግላቸው ይሠራሉ። ሁለቱንም የሚያገናኝ «ለወገን ደራሽ» የሚሉት አሠራር አለ፤ በሳምንት አንድ ቀን የሚሠራው ሥራ ገቢው ለአረጋውያን፣ ለሕሙማንና ለአሳዳጊ አልባ ልጆች ይውላል። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ ምግባቸው ይቀርባል፣ ይታጠባሉ፣ ይታከማሉ። በደጋው አገር ልጅ ማብዛት ለእርጅና የሚቀመጥ ጥሪት ነው፤ ልጅ ከሌለህ ማን ይጦርሃል ይባላል። እርጅናን መንደሯ ከተሸከመችው ይህ ምክንያት ይላላል፤ እናም የቤተሰብ ምጣኔ በአውራ አምባ ያለ ብዙ ክርክር የሚሠራበት ነገር መሆኑ አያስደንቅም።

የጋብቻ ዕድሜውም እንዲሁ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት አድርጎ ወስኗል፤ በአማራ ክልል ገጠር ግን ልጅን በአሥራ ሁለትና በአሥራ ሦስት ዓመቷ መዳር ለረጅም ዘመን የተለመደ ነበር። በአውራ አምባ ሴት ከ19፣ ወንድ ከ22 ዓመት በፊት አያገባም። ለሥነ ሕዝብ ባለሙያ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ልጅ በአምስትና በስድስት ዓመት ሲዘገይ በሁለት ትውልድ ውስጥ የመንደሩ ሕዝብ ብዛት ይለወጣል።

ታዲያ 19 ሰው እንዴት ከ400 በላይ ሆነ? እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት ታገሱኝ። በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. በተካሄዱት ቆጠራዎች መካከል የአገሪቱ ሕዝብ በየዓመቱ በአማካይ 2.6 በመቶ አድጓል። በዚህ ፍጥነት የሚያድግ ሕዝብ እጥፍ የሚሆነው በሃያ ሰባት ዓመት ገደማ ነው። በ1964 ዓ.ም. የነበሩት 19 ሰዎች በውልደት ብቻ ቢበዙ ኖሮ በ2002 ዓ.ም. ሃምሳ ያህል ይሆኑ ነበር። 19ኙ ቤተሰብ ይዘው ነበር፣ በየቤቱም አምስት ሰው ነበር ብለን ብንለጥጠው እንኳ ከ250 ብዙም አያልፍም። በመካከል ስደት አለ፤ ስደት ደግሞ ሕዝብ ያሳንሳል እንጂ አያበዛም። ስለዚህ የአውራ አምባ ሕዝብ ጉልህ ክፍል በማኅፀን በኩል የመጣ አይደለም፤ ከሌላ አገር ተነሥቶ፣ ዘመድ አዝማዱን ጥሎ፣ አሳቡን ተቀብሎ የገባ ነው። በሌላ መንደር ነዋሪነት የሚገኘው በዘር ሐረግ ነበር፤ አቅኚ አባትህን ቁጠር ትባላለህ። እዚህ የሚጠየቀው ስምምነት ነው። በወንጌል ኅዳግ የተጻፈ ታሪክ የሌላትን መንደር የመረጥኩት ለዚህ ነው፤ ይህችን መንደር ለመጻፍ የአባቶችን ዝርዝር መፈለግ ከንቱ ነው፤ ሰዉ የመጣባቸውን መንገዶች ነው መከተል ያለብን።

ግን የመጣ ሁሉ የሚገባበት ዘመን አልፏል። ሰባ ጥማድ ላይ ሌላ ቤት በተሠራ ቁጥር ሌላ ነገር ይጠባል። ስለሆነም የአውራ አምባን አሳብ ተቀብለው በሌላ ቦታ የሚኖሩ ሰዎች አሉ፤ እነዚህ ከመንደሯ ይቆጠሩ ወይስ አይቆጠሩ ለማለት ያስቸግራል። በሌላ በኩል ልጆቿ ይማራሉ፤ መንደሯ ሕፃናት የሚውሉበት ትምህርት ቤትና ቤተ መጻሕፍት አላት፤ ፊደል ሳይቆጥሩ ያደጉት መሥራቿ በ2002 ዓ.ም. ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ተቀብለዋል። ከልጆቿ መካከል ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተመረቁ አሉ። ሲመረቁ ግን ለነርስ፣ ለመሐንዲስ፣ ለሒሳብ ሠራተኛ በሰባ ጥማድ ላይ ያለው ሥራ ስንት ነው? ተመልሶ ጋቢ የሚሸምን ምሩቅ ይኖራል፤ አብዛኛው ግን ሥራ ባለበት ከተማ መቅረቱ አይቀርም። በስምምነት የሞላች መንደር በትምህርት ልትሳሳ ትችላለች። ይህ ለአውራ አምባ ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም፤ ሌላው መንደር ግን ቢያንስ ቤተሰብ በተወለደበት መሬት ላይ የሚቀር ወንድም አለው።

ቆጠራውን ላንሣ። በ1999 ዓ.ም. ግንቦት ወር በተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የኢትዮጵያ ሕዝብ ወደ 74 ሚሊዮን የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚህ ውስጥ 84 በመቶ ያህሉ የገጠር ነዋሪ ነበር። የፎገራ ወረዳ ከ220,000 በላይ ሕዝብ እንዳላት ተመዘገበ። አውራ አምባ በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ በስሟ አትገኝም። በገጠር አንድ ቆጣሪ የሚመደብበት የቆጠራ ቦታ ከ150 እስከ 200 ቤተሰብ እንዲይዝ ተደርጎ ነው የሚከለለው፤ አውራ አምባ በሙሉ ከነጎረቤቷ ካልተደመረች አንዱንም ላትሞላ ትችላለች። በዓለም ዙሪያ ጎብኚ የሚመጣላት መንደር በአገሯ መዝገብ ላይ ከወረዳው ድምር ውስጥ ሟሙታ የቀረች ናት። የየመንደሩን ታሪክ ለመጻፍ ለምትነሡ ወጣቶች የምመክረው፣ ከታተመው ሠንጠረዥ ይልቅ የትምህርት ቤቱን መዝገብ፣ የጤና ጣቢያውን የክትባት ካርድ፣ የማኅበሩን የትርፍ ክፍፍል ዝርዝር እንድታዩ ነው። ዕድሜ ስትጠይቁም ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ፤ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ስንት ዓመትዎ ነበር፣ ከቦንጋ ሲመለሱ የትኛው ልጅ ታዝሎ ነበር ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ከመታወቂያ ይልቅ ይታመናል።

አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታቅዶ ነበር፤ ተራዘመ፣ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተራዘመ። አንድ ቀን ግን ቆጣሪው ከወረታ መንገድ ወርዶ ያንን ጥርጊያ መንገድ ይዞ ወደ መንደሯ ይገባል። ከጭቃ በተሠራው መቀመጫ ላይ ይቀመጣል፤ ባል ጥጥ ይዞ፣ ሚስት ከሽመናው ተነሥታ ከፊቱ ይሆናሉ። መጠይቁ በሁሉም ቤት አንድ ስለሆነ የሚጀምረውም በዚያው ጥያቄ ነው፤ የዚህ ቤተሰብ ኃላፊ ማን ነው? ባልና ሚስት እርስ በርስ ይተያያሉ። በቅጹ ላይ ያለው ቦታ ለአንድ ስም ብቻ ነው።